የዛገ ሳልቫትዮ፦ የቆየ ሞተር ብስክሌት ከመነሣቱ በፊት

ለዓመታት ሳይነዳ የቆመ ሞተር ብስክሌት እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ካንዴላውን ፈትቶ መጥረግ፣ ጥቂት አዲስ ቤንዚን መጨመርና የማስነሻውን ፔዳል ደጋግሞ መርገጥ ነው። ሞተሩ ቢነሣ ደስታው ትልቅ ነው፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚያችው ደቂቃ ጀምሮ ነው። በሳልቫትዮው፣ ማለትም በቤንዚን መያዣው፣ ግርጌ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ዝገት ከአዲሱ ቤንዚን ጋር ተበጥብጦ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ካርቡሬተር ይወርዳል፤ በማግስቱ ሞተሩ ሲያስቸግር ባለቤቱ ጥፋቱን ከኤሌክትሪኩ ወይም ከፒስተኑ መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ የእድሳት ሥራ ከሞተሩ ሳይሆን ከሳልቫትዮው መጀመር አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የማብራራውም ምክንያቱንና አሠራሩን ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው ያማሃ ዲቲ 125ን ነው። ዲቲ የሚለው ስም ያማሃ በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ባለ 250 ሲሲ ዲቲ 1 የመጣ ሲሆን፣ 125ቱ የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ነው። በአገራችን የግብርና ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች መኪና በማይገባበት የገጠር መንገድ ሲመላለሱበት የኖሩ፣ በኋላም በጨረታ ተሸጠው በየመጋዘኑና በየጓሮው የቀሩ ጥቂት አይደሉም። እኔ ያገኘሁትም እንዲህ ያለ፣ በጨረታ ወጥቶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው የወጣው ሽታ የቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቫርኒሽ ሽታ ነበር፤ ውስጡን በባትሪ ሳበራበትም ግድግዳው በሙሉ የበርበሬ ቀለም ይዞ ታየኝ።

ይህ ሞዴል ስለ ዝገት ሲወራ ለምሳሌነት የሚመች አንድ ባሕርይ አለው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ በተለምዶ ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ነው። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር በአንድነት ተቀላቅሎ ሳልቫትዮው ውስጥ ይጨመር ስለ ነበር፣ ቤንዚኑ ተንኖ ሲያልቅ ዘይቱ በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀርና ብረቱን በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀው ነበር። ያማሃ በ1964 እ.ኤ.አ. ኦቶሉብ ብሎ ያስተዋወቀው አሠራር ግን ለዘይቱ የራሱን ማጠራቀሚያና ፓምፕ ሰጠው። ለነጂው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሳልቫትዮው ግን ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የሚቀመጥበት፣ ቤንዚኑ ሲያልቅም ራቁቱን የሚቀር ብረት ሆነ።

ብዙዎች ዝገቱ የሚመጣው ዝናብ በክዳኑ በኩል ሲገባ ብቻ ይመስላቸዋል። የክዳኑ ጎማ ያረጀ ከሆነ ይህም ይደርሳል፤ ዋናው መንገድ ግን ሌላ ነው። ሳልቫትዮ ይተነፍሳል። ቤንዚኑ ወደ ታች እንዲወርድ በክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። ቀን ቆርቆሮው ሲግል በሳልቫትዮው ውስጥ ያለው አየር ተስፋፍቶ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የውጭው አየር እርጥበቱን ይዞ ይገባል፤ እርጥበቱም በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ቀኑና ሌሊቱ እጅግ በሚራራቅበት የደጋ አየር፣ በተለይም አየሩ እርጥብ በሚሆንበት በክረምት ወራት፣ ይህ መተንፈስ በየቀኑ ጥቂት እርጥበት ያስቀራል። ግማሽ ጎደሎ የሆነ ሳልቫትዮ ከሙሉው ይልቅ ብዙ አየር ስለሚይዝ ብዙ ውሃም ይሰበስባል።

አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ሲመዝን አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ በመሆኑም ጠብታው ሁሉ ከቤንዚኑ ሥር ገብቶ በግርጌው ይተኛል። የሞተር ብስክሌት ሳልቫትዮ የሻሲውን ቧንቧ ፈረስ እንደሚጋለብ ሰው በሁለት እግሩ ይዞ የሚቀመጥ በመሆኑ ግርጌው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ብስክሌቱ ለዓመታት በጎን ማቆሚያው ላይ ቆሞ ከነበረ ውሃው ወደ ግራው ጎን ስለሚያደላ፣ ቀዳዳ ሲፈለግ ከዚያ መጀመር ይገባል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ኤታኖል ውሃን ከአየር ይስባል፤ የሳበው ውሃ ከልክ ሲያልፍም ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለዩና ወደ ታች ይወርዳሉ። በአገራችንም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥባቸው የነበሩ ዓመታት ስላሉ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በቆመ ብስክሌት ውስጥ ይህንን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ የሚፈጠረው ዝገት ከተነሣበት ብረት በብዙ እጥፍ የሰፋ ቦታ የሚይዝ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው። አሉሚኒየም ሲበላ በላዩ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የታችኛውን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን እርጥበቱን እንደ ጨርቅ ይዞ ወደ ውስጥ እያሳለፈ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ‹‹ዝገቱ በራሱ ይቆማል›› ብሎ መተው አያዋጣም።

በሞተሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመረዳት የቤንዚኑን መንገድ መከተል ነው። ቤንዚኑ ከሳልቫትዮው በታች ባለው መክፈቻና መዝጊያ በኩል አልፎ፣ በጎማ ቱቦ ወርዶ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ትንሽ ጽዋ ይገባል። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ በቂ ሲሆን ከፍ ብሎ አንዲት ሹል መርፌን ወደ መቀመጫዋ ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። በዚያች መርፌና በመቀመጫዋ መካከል የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ዝገት ከገባች መግቢያው አይዘጋም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያሻም። ዝገቱ መርፌዋን አልፎ ከወረደ ደግሞ ቤንዚን በሚለካባቸው የናስ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰነቀራል። ብስክሌቱ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ማለትም በሚኒሞ ጊዜ፣ የምታገለግለዋ ቀዳዳ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ናት። ቀዳዳዎቹ በከፊል ሲዘጉ ሞተሩ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠን ቤንዚን አያገኝም፤ ድብልቁ ሲሳሳ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተን በዚህ ሁኔታ ዳገት ላይ ሲጫን ተስፋፍቶ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ሜካኒኮች ‹‹ሞተሩ ነከሰ›› የሚሉት ይህንን ነው። የኦቶሉብ ፓምፑ ዘይት ማቅረቡን ባያቋርጥም፣ ከልክ ያለፈውን ሙቀት ዘይት ብቻውን አይችለውም።

መክፈቻው ራሱ አንድ መታወቅ ያለበት ምሥጢር አለው። ወደ ሳልቫትዮው ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች ቱቦ ስላለችው፣ በተለመደው አቀማመጥ ቤንዚን የሚስበው ከግርጌው ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ወደ ሪዘርቭ (ወደ መጠባበቂያው) ሲዞር ግን ከታችኛው ጫፍ ይስባል። ‹‹ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሪዘርቭ ሳደርገው ጠፋ›› የሚለው የተለመደ አቤቱታ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ውሃውና ደለሉ የሚገኙት እዚያ ታች ነውና።

ሳልቫትዮውን ማውረድ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ወደ ማጽዳቱ ከመግባቴ በፊትም አደጋውን መናገር ግዴታዬ ነው። ባዶ ሳልቫትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው እንፋሎት ነው፤ ለመፈንዳትም የአየሩ 1.4 በመቶ ያህል የቤንዚን እንፋሎት መሆኑ ይበቃል። ይህ 10 ሊትር በሚይዝ ሳልቫትዮ ውስጥ ሲሰላ 1 ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ ቤንዚን ማለት ነው፤ በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ጠብታ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ርቆ ይሄዳል፤ ክፍሉ ማዶ ያለ የከሰል ምድጃ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከቤት ውጪ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ መሠራት አለበት። ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ሳልቫትዮው በሳሙናና በፈላ ውሃ ተደጋግሞ ታጥቦ፣ እየተበየደ ሳለም የሚበየደው ቦታ ብቻ ሲቀር ውሃ ተሞልቶ ይያዝ፤ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው የሚሻለው። ‹‹አየር ላይ አንድ ሳምንት ስለ ዋለ ደርቋል›› የሚል ማረጋገጫ ተቀባይነት የለውም።

የወጣውን ቤንዚን ሳይደፉ በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። እኔ ያስቀመጥኩት ከአንድ ሌሊት በኋላ በሦስት ተለይቶ ነበር፤ ከላይ የጠቆረ ሻይ የመሰለ ቤንዚን፣ ከሥሩ እንደ ዕንቁ የሚንከባለሉ የውሃ ጠብታዎች፣ ከሁሉም በታች ቀይና ጥቁር ደለል። ከማሰሮው ውጪ ማግኔት ሳስጠጋ ጥቁሩ ደለል ተከትሎኝ ወጣ፤ ቀዩ በአብዛኛው ከቦታው አልተነሣም። ቀጥሎ የግርጌው ብረት ጤንነት ይመረመራል። በውጪ በኩል በታችኛው ስፌት ዙሪያ ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በወስፌ ጫፍ ጫን ማለት ነው። ጤነኛ ላሜራ አይበገርም፤ የሳሳው ይሰረጉዳል፤ ያለቀው ይበሳል። ከመቀደዱ በፊት ማወቁ ይሻላል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሳልቫትዮ እንዳያፈስ የያዘው ዝገቱ ብቻ ስለሆነ፣ ዝገቱ ሲወገድ ቀዳዳዎቹ ይገለጣሉ። ይህ ሲደርስ ብዙ ሰው የማጽጃውን ኬሚካል ይወቅሳል፤ ኬሚካሉ ግን ያሳየው የነበረውን ነው።

ማጽዳቱ የሚጀምረው የላላውን ዝገት በመፈልፈል ነው። ብዙዎች ጠጠር ወይም ዳዶ ጨምረው ይንጣሉ። እኔ የምመርጠው ቁራጭ ሰንሰለትን ነው፤ ከሳሙና ውሃ ጋር ገብቶ ሳልቫትዮው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲናጥ በደንብ ይፍቃል፤ ሲያበቃም ጫፉን ይዞ በአንድ ጊዜ መሳብ ይቻላል። ጠጠር ተሰባብሮ አሸዋ ይተዋል፤ ዳዶ የሚጨምር ሰው ደግሞ ስንት እንዳስገባ ቆጥሮ ያንኑ ያህል ማውጣቱን ያረጋግጥ።

ብረቱን አጥብቆ የያዘው ዝገት ግን በፍቅፈቃ አይለቅም፤ አሲድ ወይም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ስላለው ይሠራል፤ ሆኖም አንድ ሙሉ ሳልቫትዮ የሚሞላ አቼቶ ውድ ነው፤ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ለምግብ ሥራ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ሲትሪክ አሲድ፣ ያው የሎሚው አሲድ፣ በእኔ ግምት ለመካከለኛ ዝገት ከሁሉም የተሻለው ነው። ለአንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ተበጥብጦ እስከ አፉ ድረስ ይሞላል። እስከ አፉ የምለው በምክንያት ነው፤ ፈሳሹ ያልደረሰበት የላይኛው ክፍል በእርጥቡ አየር ሥራው ባለቀበት ሰዓት ይበልጥ ዝጎ ይገኛል። ከዚያ በፊት መክፈቻው ተፈትቶ ቀዳዳው በጎማና በላሜራ ቁራጭ መታተም አለበት፤ የመክፈቻው አካል አሲድ የሚበላው ስስ ቅይጥ ነውና። የውጪውን ቀለም ማዳን የሚፈልግም አፉን ዙሪያውን በግራሶና በፕላስቲክ ይሸፍን። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እየከፈቱ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል፤ ግራጫው ብረት ሲታይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል።

ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚሸጠውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚመክሩ አሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዝገቱን ሲያጠፋ ማየት ያስደስታል፤ ነገር ግን ዝገቱንና ብረቱን ሳይለይ ይበላል፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፤ በስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ክሎራይድም ዝገቱን ደግሞ ደጋግሞ ይጠራዋል። እኔ አልጠቀምበትም፤ ሌላውም እንዳይጠቀምበት እለምናለሁ። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስ አንድ እጁ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቀመጥም ዝገት ያወጣል፤ ጤነኛውን ብረት ብዙም አይነካም፤ ሽታው ግን ጎረቤትን ያጣላል።

ዝገቱ እጅግ ወፍራም ከሆነ የኤሌክትሪኩ ዘዴ ከሁሉም የረጋ ነው። ሳልቫትዮው ሶዳ አሽ በተበጠበጠበት ውሃ ይሞላል፤ ሶዳ አሽ ከአብጃታ ሐይቅ ይመረት የነበረው ጨው ሲሆን፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ገመድ ቀለሙ በተፋቀ የሳልቫትዮው ቦታ ላይ ይታሰራል፤ ፖዘቲቩ ደግሞ በአፉ በኩል በጎማ ታግዶ ወደ ውስጥ ከገባ ተራ የብረት ዘንግ ጋር ይያያዛል። ዘንጉ ሳልቫትዮውን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ዘንጉ ቀስ በቀስ ይበላል፣ የሳልቫትዮው ዝገት ደግሞ ወደ ጥቁር ጭቃ ተለውጦ ይለቃል፤ ብረቱ አይነካም። ዘንጉ ስቴንለስ ስቲል እንዳይሆን፤ ውስጡ ያለው ክሮሚየም ተሟሙቶ መርዛማ ውሁድ ይፈጥራል። የሚወጡት አረፋዎች ሃይድሮጅን ስላለባቸው ከቤት ውጪ ይሠራ፤ ገመዱ ከመፈታቱ በፊትም ቻርጀሩ ከሶኬት ይነቀል። የዚህ ዘዴ ድክመት ኤሌክትሪኩ የሚሠራው ከዘንጉ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በመሆኑ፣ ለሁለቱም ግርጌዎች ዘንጉን አጉብጦ ቦታ መለዋወጥ ማስፈለጉ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ዝገቱ ከወጣ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። አሁን የተገለጠው ብረት ምንም መከላከያ የሌለው በመሆኑ እርጥብ ሆኖ ከአየር ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ጉም ይለብሳል። በመጀመሪያው ሙከራዬ አሲዱን ደፍቼ፣ በቧንቧ ውሃ አጥቤ፣ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፤ ማታ ስመለከተው የሁለት ቀን ድካሜ ጠፍቶ ሳልቫትዮው ዳግም ዝጎ ነበር። ስለዚህ አሲዱ ከመደፋቱ በፊት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጅ ሥር መዘጋጀት አለበት። አሲዱ ይደፋል፤ ጥቂት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ይታጠባል፤ ይህ የቀረውን አሲድ ያረክሳል። ወዲያው በፈላ ውሃ ይለቀለቃል፤ የፈላ ውሃ ጥቅሙ ብረቱን በማጋሉ፣ ውሃው ሲደፋ ብረቱ በራሱ ሙቀት አብዛኛውን እርጥበት ማትነኑ ነው። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በኮምፕሬሰር አየር በአፉና በግርጌው ቀዳዳ እየተፈራረቁ መንፋት ነው። አንዳንዶች በስፌት ውስጥ የቀረውን ውሃ ለመሳብ አልኮል ጨምረው ያለቀልቃሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አልኮል ከገባ በኋላ የጋለ ማድረቂያ ጨርሶ ሊቀርብ አይገባም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

እንደ ደረቀ አንድ ሊትር ቤንዚን በግማሽ ብርጭቆ የቱ ስትሮክ ዘይት ተቀላቅሎ ይጨመርና ሳልቫትዮው በሁሉም ጎኑ እየተገላበጠ ግድግዳው ይቀባል። ከላይ ያልኩት የድሮዎቹ ሳልቫትዮዎች ጥበቃ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ባለ ሁለት ምት ሞተርም ይህን ጥቂት ዘይት ያለ ችግር ያቃጥለዋል።

ውስጡን በኢፖክሲ ስለ መሸፈን ብዙ ይጠየቃል። የኔ አቋም ብረቱ ጤነኛ ከሆነ አያስፈልግም ነው። ሽፋኑ የሚይዘው ፍጹም ንጹሕና ደረቅ በሆነ ብረት ላይ ብቻ ነው፤ የላላ ዝገት ወይም የዘይት ርዝራዥ ባለበት ከተቀባ ከጊዜ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መክፈቻውን ይዘጋል፤ የተላጠውን ማውጣት ደግሞ ዝገትን ከማውጣት እጅግ ይከፋል። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቂት ቀዳዳዎች ካሉ ሽፋኑ ቦታ አለው። ላሜራው ሰፋ ብሎ ካለቀ ግን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ከመተካት በቀር መፍትሔ የለውም፤ በውጪ በኩል ስቱኮ መለጠፍ ችግሩን መደበቅ ብቻ ነው።

የጸዳ ሳልቫትዮ ከቆሸሸ መክፈቻና ካርቡሬተር ጋር ከተገጠመ ሥራው አልተጠናቀቀም። የመክፈቻው ወንፊት ይታጠባል፣ ጎማው ይለወጣል። የካርቡሬተሩ የናስ ቀዳዳዎች በሽቦ አይወጉም፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና መጠኑ ይዛባል፤ በማጽጃ ፈሳሽ ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል። የክዳኑም የአየር ቀዳዳ ይፈተሽ። እርሷ ከተደፈነች ሞተሩ ጥቂት ኪሎሜትር ደህና ሄዶ ይጠፋል፤ ክዳኑ ሲከፈት ‹‹ፍስስ›› ብሎ አየር ይገባል፤ ሞተሩም ወዲያው ይነሣል። ይህን ምልክት ሳያውቁ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

በመጨረሻም በቱቦው መካከል ውስጡ የሚታይ ትንሽ ማጣሪያ መግጠም፣ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎሜትሮች በኋላም የካርቡሬተሩን ጽዋ አውርዶ ግርጌውን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ጨርቁ ላይ ቀይ ብናኝ ከታየ ሳልቫትዮው እንደገና ወርዶ ይታጠባል፤ ካልታየ በየወሩ ማየቱ ይበቃል። ብስክሌቱ ለክረምቱ የሚቆም ከሆነ ሳልቫትዮው እስከ አፉ ቤንዚን ተሞልቶ፣ መክፈቻው ተዘግቶ፣ ጽዋው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንጠፍጥፎ ይቀመጥ።